አልጋነሽ ያለቀሰችለት ሰው

አርብ በመጣ ቁጥር አልጋነሽን ቤት ብትፈልጓት አታገኟትም ነበር። ጅቡቲ ውስጥ ሰው ቤት የሚሠሩ ሀበሾች አርብን የሚጠብቁት እንደ ዓውደ ዓመት ነው፤ ማዳሞቹ የሚለቋቸው ያን ቀን ብቻ ነዋ! ፀጉሯን የምትሠራው ትሠራለች፣ አምቡሊ ሰፈር ዘመድ ጋ ሄዳ በርበሬ የበዛበት ወጥ የምትበላው ትበላለች፣ ስልኳን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ከአገር ቤት ስታወራ የምትውለው ትውላለች። አልጋነሽ ግን ነጠላዋን አጣጥፋ በፌስታል ትይዝና ወደ ባሕሩ ነው። ለመዋኘት እንዳይመስላችሁ፤ ሃያ አንድ ዓመት ባሕር ዳር ኖራ እግሯን እንኳ ነክራ አታውቅም። ልጇን ፍለጋ ነበር የምትሄደው።

የወሎ ሰው ናት፣ ከመርሳ ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ። ባሏ ሲሞትባት የዓመት ከመንፈቅ ልጇን ባንቲሁንን ለእናቷ ለእማማ አበቡ ትታ ጅቡቲ ገባች። "ሁለት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ" ብላ ነበር። የሁላችንም ነገር እንዲሁ ነው፤ ሁለት ዓመት እንላለን፣ ከዚያ ልጁ ጢም ያበቅላል። ባንቲሁን አያቱን "እማ" ነበር የሚላቸው፣ እናቱን ደግሞ "አልጉ"። በስልክ "አልጉ፣ እንዴት ነሽ?" ሲላት ትስቃለች፣ ስልኩን ከዘጋች በኋላ ደግሞ ታለቅሳለች።

ልጁ አሥራ ስድስት ዓመት ሲሆነው ባጃጅ ተገልብጣበት ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተሰበረ። ደሴ ወስደው አጥንቱን በብረት አሰሩለት። "በዓመትህ ና፣ ይወጣልሃል" ተብሎ ነበር፤ እሱ ግን ተመልሶ ኳስ መጫወት ከጀመረ ወዲያ ሆስፒታል የሚባል ስም ማን ያንሣበት! ብርድ ሲመጣ ብቻ ይጠዘጥዘዋል። "አልጉ፣ ዛሬ ይዘንባል፤ ብረቴ ነግሮኛል" ይላታል። ያ ብረት እግሩ ውስጥ እንዳለ ባንቲሁን ሃያ ሁለት ዓመቱን ደፈነ።

ከዚያ እንደ ጓደኞቹ ሳውዲ ሊሄድ ተነሣ። ለማንም ሳይናገር ነው የጠፋው። በረሃውን በእግሩ አቋርጦ፣ እናቱ ያለችበትን ከተማ በጎን አልፎ ወደ ባሕሩ ወረደ። ቢነግራት አንገቱን አንቃ እንደምታስቀረው ያውቃላ! የተሳፈረባት ጀልባ ሩቅ ሳትሄድ ተገለበጠች።

ወሬውን ያመጣላት ከጀልባዋ የተረፈ ቶላ የሚባል ጎረምሳ ነው። ሰው ጠይቆ፣ ሰፈሯን አፈላልጎ መጣና በሩ ላይ ቆሞ ገና ሳይገባ ማልቀስ ጀመረ። "እትዬ፣ በእጄ ነው የቀበርኩት" አላት። "ሦስት ሆነን ጎትተን ከውኃው አወጣነው፤ ነፍሱ ወጥታ ነበር። አሸዋውን በእጃችን ጭረን ቀበርነው፣ ጥቋቁር ድንጋይ ከላዩ ደረደርን፣ ጠባቂ ሳይደርስብን ሮጥን።" ወደ ድንበሩ፣ ወደ ሎያዳ በሚወስደው መንገድ በግራ በኩል ወዳለው ዳርቻ ይዟት ሄደ። ቦታው ሲደርሱ ግን ቶላ ግራ ገባው። ነፋሱ አሸዋውን ከዚህ አንሥቶ እዚያ ቆልሎታል፤ ጥቁር ድንጋይ እንደሆነ ዳርቻውን ሞልቶታል። "እዚህ ይመስለኛል… አይ፣ እዚያ ነው መሰለኝ…" አለና ራሱን ይዞ ቁጭ አለ። በሳምንቱ ከናጋድ ጣቢያ በባቡር ተሳፍሮ አገሩ ገባ፤ ከዚያ ወዲህ አላየችውም።

አልጋነሽ ልጇ መሞቱን አመነች። ያላመኑት እናቷ ናቸው። ጎረቤቱ ተሰብስቦ መርዶ ሊነግራቸው ማለዳ ቢመጣ እማማ አበቡ ከደጅ መለሱት። "ማን አየ? ማን ገነዘው? መቃብሩስ የት ነው? መቃብሩን ሳታሳዩኝ የልጄን ለቅሶ አታስቀምጡኝም!" ብለው ጮኹ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ በራቸውን አይቀረቅሩም። ይመጣል፣ ይመጣና ተዘግቶ ያገኘዋል ብለው ይሰጋሉ። የውሻ ኮቴ በሰሙ ቁጥር ብድግ ይላሉ። ሰባ አምስት ዓመት ያለፋቸው ሴትዮ እንቅልፍ የሚባል ነገር አጡ። አልጋነሽ ደግሞ ከሁለቱ ሐዘን የቱ እንደሚብስባት አታውቅም፣ የሞተው ልጇ ወይስ በቁማቸው የሚያልቁት እናቷ። አንድ ነገር ብቻ ነበር የምትፈልገው፤ ልጇ የተኛበትን ማወቅና ለእናቷ "እዚህ ነው" ማለት።

አሠሪዋ ሆዳን ሰፈር የሚኖር ፈረንጅ ሽማግሌ ነው፤ ሙሴ ትለዋለች፣ በፈረንሳይኛ "ጌታው" እንደማለት። የመርከብ ሞተር ሲጠግን ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ብቻውን የቀረ ሰው። አንድ አመል ነበረው፤ ጫፉ ላይ ድስት ክዳን የመሰለ ክብ ነገር ያለው ዘንግ ይዞ ባሕር ዳር ሲዞር ይውላል። ዘንጉ መሬት ውስጥ ብረት ሲያገኝ ይጮኻል። ያን ጊዜ ሙሴ ይንበረከክና ይቆፍራል። ምን እንደሚያወጣ ልንገራችሁ? የቢራ ቆርኪ! ቆርኪ፣ ሚስማር፣ የጥይት ቀለህ፣ ደግሞ ቆርኪ። ማታ ጠረጴዛው ላይ ዘርግፎ በጥርስ ብሩሽ ሲፈትግ አልጋነሽ እየሳቀች "ሙሴ፣ ዛሬም አልቃሻው አታለለዎት?" ትለዋለች። ዘንጉን አልቃሻው ብላ የሰየመችው እሷ ናት።

ቶላ ከሄደ በሦስተኛው ወር፣ አንድ ቀን ሾርባ ስታቀርብለት ያን ዘንግ ጥግ ቆሞ አየችው። ሾርባውን አስቀምጣ እዚያው ቆማ ቀረች። ለስንት ዓመት ስትወለውለው ኖራ እንዴት እስከዛሬ አልመጣላትም!

"ሙሴ" አለችው፣ በዚያ ወጥ ቤት ውስጥ በተማረችው ፈረንሳይኛ፣ "ልጄ እኮ እግሩ ውስጥ ብረት አለ።"

ሙሴ ማንኪያውን አስቀመጠ። "አርብ እንሄዳለን" አላት።

ሄዱ። አምስት አርብ ሄዱ። ፀሐዩ ገና ሳይበረታ ይደርሳሉ፤ ሙሴ ዘንጉን እያወዛወዘ በቀስታ ይራመዳል፣ እሷ ከኋላው አካፋና ውኃ ይዛ ትከተላለች። በጮኸ ቁጥር ልቧ ይቆማል። ቆርኪ። የዓሣ አጥማጅ መንጠቆ። ቆርኪ። በስድስተኛው አርብ፣ ከጥቋቁር ድንጋዮች ክምር አጠገብ፣ አልቃሻው ጮኸ። እንደ ሌላው ጊዜ ጭር ብሎ ዝም አላለም፤ ሙሴ ወዲያ ወዲህ ባለው ቁጥር ደጋግሞ ጮኸ። ሙሴ ተንበርክኮ ክንድ ያህል እንደቆፈረ አሸዋ የሚጠርግበት ብሩሽ አጥንት ነካ። የእግር አጥንት።

አልጋነሽ አካፋውን ጥላ ጉድጓዱ ላይ በደረቷ ወደቀች። እሪታዋ ከመንገድ ላይ የሚያልፉ የጭነት መኪናዎችን አቆመ። ሙሴ "አልጋ፣ ቆይ፣ ብረቱን እንየው" ቢላት እጁን ገፈተረችው። "ተዉት! አይንኩት! ስንቴ ይሙት ልጄ!" አለችው። በእኛ ወግ የሞተ ሰው አይረበሽም፤ ያረፈን ሰው መጎርጎር ነውር ነው፣ ያውም በእናቱ ፊት። በእጇ አሸዋውን መለሰችበት፣ ነጠላዋን ከላይ አለበሰችው። ሙሴ ከዚያ ወዲያ ቃል አልተነፈሰም፤ ኮፍያውን አውልቆ ቆመ።

መርዶው በደንቡ ተነገረ። ነጋሪው የጭነት ሾፌሩ ሙላው ነው፤ የሰፈሯ ልጅ፣ ከጅቡቲ ወደብ ወደ መሐል አገር የሚመላለስ። ሽማግሌ ይዞ ማለዳ ገባ። "እማማ፣ መቃብሩ ተገኝቷል። እትዬ አልጋነሽ በእጇ ዳብሳዋለች፤ እግሩ ውስጥ ያለው ብረት መስክሯል" አላቸው። እማማ አበቡ አንድ ጊዜ ብቻ "እርግጥ ነው?" ብለው ጠየቁ። ከዚያ ፀጉራቸውን ተላጩ፣ ደረታቸውን ደቁ፣ የተጠራቀመ እንባቸውን በሦስት ቀን አፈሰሱት። ቄሱ በክርስትና ስሙ ወልደየሱስ ብለው ፈቱት። ተዝካሩም ወጣ። ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ ለአልጋነሽ ደወሉላት።

"ልጄ፣ ትናንት ማታ በሩን ቀረቀርኩት" አሏት። "ተኛሁ። ነግቶ ነው የነቃሁት።"

አንድ ዓመት ከመንፈቅ እንዲህ አለፈ። ደግ ዘመን ነበር ልበላችሁ? ለሐዘንተኛ ደግ ዘመን ካለ፣ አዎ ነበር። አልጋነሽ አርብ አርብ ትሄዳለች፣ ጧፍ ታበራለች፣ ነፋሱ ያጠፋባታል፣ ደግማ ታበራለች። መቃብሩን በድንጋይ አጥራዋለች፤ ሙሴ ከመርከብ እንጨት መስቀል ሠርቶላታል። ቁጭ ብላ ታወራዋለች። ሃያ ዓመት በስልክ ያላወራችውን ሁሉ ነገረችው፤ ለምን ጥላው እንደሄደች፣ ለምን በሁለት ዓመቷ እንዳልተመለሰች። ይቅርታ ጠየቀችው። አንዳንድ ቀን ይቅር ያላት እየመሰላት ቀለል ብሏት ትመለስ ነበር።

በኋላ እማማ አበቡ ታመሙ። ሐኪሙም የዕድሜ ነገር ነው አለ። "አፅሙን አምጪልኝ" አሏት በስልክ። "ሰባት ዓመት ይጠበቃል ይላሉ፤ እኔ ሰባት ወርም የለኝ። ሚካኤል ግቢ እኔ ከምቀበርበት ጎን ይረፍ። ሕፃን ሆኖ ጀርባዬ ላይ ነው ያደገው፤ አሁንም አጠገቤ ይሁን።" ይሄን እንዴት እንቢ ይሏል! ሙሴ ለወረቀቱ ቢሮ ለቢሮ ዞረላት። ሙላው መርሳ ካለ አናጢ ትንሽ ሣጥን አሠርቶ፣ ውስጧን ነጭ ጨርቅ አልብሶ በመኪናው ይዞ መጣ።

ያን ዕለት ሦስቱ ብቻ ነበሩ፤ አልጋነሽ፣ ሙላው፣ ሙሴ። ሙሴ እንደ ሐኪም በቀስታ በብሩሽ አሸዋውን እየጠረገ ወረደ። ሙላው አጥንቱን ለመቀበል ሌላ ጨርቅ ዘረጋ። በመጀመሪያ የወጣው ያ የእግር አጥንት ነው። አልጋነሽ አየችው። ቀጭን፣ ቡናማ፣ ደረቅ፣ ድፍን አጥንት ነው፤ ብረት የለበትም።

"የግራው ይሆናል" አለች። "የቀኙን አውጡ።"

የቀኙም ወጣ። የቀኙም ድፍን ነው። ስብራት እንኳ አልነካውም።

"ታዲያ ምን ነበር የጮኸው?" አለ ሙላው።

ሙሴ ወደ ወገቡ ጠረገ። ከዳሌው አጥንት ሥር አሸዋው በመዳብ ዝገት አረንጓዴ ሆኗል። በጣቱ ጫር ጫር ሲያደርግ ክብ ክብ ነገር ተጣብቆ ወጣ፣ አሥራ አንድ ሳንቲም፤ ይዟቸው የነበረው ከረጢት በስብሶ አልቋል። አንዱን በአውራ ጣቱ አሸት፣ በውኃ አጠብ አደረገው። የሰው ፊት ታየ፣ አፍንጫው ጎላ ያለ፣ ራሱ ላይ ቅጠል የደፋ።

"ሮማን!" አለ ሙሴ። "አልጋ፣ ሮማን ነው! ሁለት ሺህ ዓመት!" ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቆርኪ ሲለቅም የኖረ ሰው ነው፤ ደስታው አምልጦት ነው፣ አልፈርድበትም። ዞር ብሎ ፊቷን ሲያየው ግን ሳንቲሙ ከእጁ ወደቀ።

"ምንድን ነው የሚለው?" አለች ሙላውን፣ ሰምታ እንዳልሰማች።

"የድሮ የሮም ገንዘብ ነው የሚል ይመስለኛል እትዬ። የቄሣር ዘመን።"

"የትኛው ቄሣር? ጌታ ሲወለድ ሰው ሁሉ ይቆጠር ያለው ነው?"

"እሱ ወይ ልጁ። እኔ ምን አውቃለሁ!"

አልጋነሽ አሸዋው ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። ለአንድ ዓመት ከመንፈቅ እንባዋን የወሰደው ሰው ፊት ለፊቷ ተጋድሟል፤ ጥርሱ ያለቀ ሽማግሌ፣ ከየት አገር መርከብ እንደወረደ የማይታወቅ። ይቅርታ የጠየቀችው እሱን ነው። ወልደየሱስ እያለች የጠራችው እሱን ነው። ባንቲሁን ደግሞ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ምናልባት መቶ እርምጃ ርቆ፣ ጧፍ እንኳ ሳይበራለት፣ እናቱ ሌላ ሰው ላይ ተደፍታ ስታለቅስ ሲሰማ ኖሯል። ይሄ ነው ያንገበገባት።

ሙሴ አጠገቧ ተንበረከከ። "አልጋ፣ ያን ቀን አጥንቱ አሮጌ መስሎኝ ነበር" አላት። "ቀለሙን አይቼ ጠርጥሬያለሁ። ስታለቅሺ ግን አፌ ታሰረ።"

"ጠርጥረው ዝም አሉኝ?" አለች። ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። "እናቴን አስላጭቼ፣ ቄስ አስፈትቼ! ምነው ሙሴ፣ ምን አደረግኩዎት?"

ሙሴ እያለቀሰ መሬት መሬቱን አየ። እሷም ወዲያው ነው የሰከነችው፤ ያን ቀን እጁን የገፈተረችው ራሷ መሆኗ ትዝ አላት። አንድ ጣት ወደ ታች ቢቆፍር እኮ ብረት እንደሌለው ያየው ነበር። ልጇን አክብራ፣ ልጇን አጣችው።

ሙላው ሣጥኑን አየ፣ አጥንቱን አየ፣ ጎንበስ ብሎ በጆሮዋ ተናገረ። "እትዬ፣ ስሚኝ። እማማ እየሞቱ ነው። አፅም አፅም ነው፤ ማን ለይቶ ያውቃል? ይሄንኑ እንጫነው። ደስ ብሏቸው ይረፉ።"

እውነቱን ልንገራችሁ፣ አሰበችበት። ሣጥኗን ተቀብላ እቅፏ ላይ አድርጋ አሰበችበት። እናቷ እጃቸውን ሣጥኑ ላይ አድርገው ሲስሙት ታያት። ከዚያ ደግሞ ቄሱ የልጇን ስም እዚህ ሽማግሌ ላይ ሲጠሩ ታያት፤ እናቷ እስከ ምጽአት ከማያውቁት ወንድ ጎን ሲተኙ፣ ልጁ ደግሞ ስሙንም ቦታውንም ተነጥቆ እዚህ ሲቀር።

"አይሆንም" አለች። "ይሄም ሰው የሰው ልጅ ነው። በሌላ ስም አላስጠራውም። የልጄንም ቦታ ለማንም አልሰጥ።"

ለልጇ የመጣውን ነጭ ጨርቅ ከሣጥኑ አውጥታ አፅሙ ላይ አለበሰችው። ሙላው ባዶ ሣጥኑን ጋቢና ውስጥ ከመቀመጫው ጀርባ ሸጉጦ ማታውኑ ሄደ።

ሙሴ ነገሩን ለመንግሥት አመለከተ፤ ሕጉ ነው። በሳምንቱ ባርኔጣ ያደረጉ ተመራማሪዎች መጡ፣ ድንኳን ተከሉ፣ ገመድ ዘረጉ። የሽማግሌውን አፅም አንድ በአንድ እየለኩ፣ ፎቶ እያነሡ፣ ጥጥ በተነጠፈበት ሣጥን አስቀመጡት። አልጋነሽ ከገመዱ ወዲህ ቆማ አየች። እንዲህ ያለ ክብር ለልጇ ቢሆን ብላ ቀናች፤ መቅናቷም አሳፈራት። ገመዱ በኋላ የሽቦ አጥር ሆነ። ዳርቻው በሙሉ የጥንት ቅርስ ሊኖርበት ስለሚችል መቆፈርም፣ ብረት መፈለጊያ ይዞ መግባትም ተከለከለ ተባለ። አንድ ወጣት ዘበኛ ቆሞበታል። ሙሴ ስለ ልጇ ደብዳቤ ጻፈላት፤ አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው መራው፣ ሌላውም ይታያል አለ። ሙሴ ዘንጉን ፈታትቶ ካርቶን ውስጥ ከተተው።

ለእናቷ አልደወለችም። ሲደውሉላት አላነሣችም፤ አሥር ቀን ሙሉ። በአሥራ አንደኛው ቀን ሽንኩርት እየላጠች ሳለ ስልኩ ጮኸ፤ እጇን በሽርጧ ጠርጋ አነሣችው።

"ምነው ጠፋሽ ልጄ? ሙላውም መጥቶ ዓይኔን ሳያየኝ ሄደ። አላወጣችሁትም?"

"አልተቻለም እማዬ" አለች። ሁሉንም ልትነግራቸው አፏን ከፍታ ነበር። የእናቷ ትንፋሽ በስልኩ ውስጥ ሲቆራረጥ ሰማችው። "መንግሥት ከለከለ። ቦታውን አጥረውታል።"



"ይሁን" አሉ እማማ አበቡ። "አጠገቤ ቢሆን ደስ ባለኝ ነበር፤ ካልሆነ ምን ይደረጋል። ከታጠረለትም ደግ ነው፣ አውሬ አይነካውም። ዋናው ያለበትን ማወቃችን ነው። ልጇ የወደቀበትን የማታውቅ እናት ስንት አለች፣ አልጋነሽ! እኔ እኮ በሬን ዘግቼ የምተኛው እሱን ስለማውቅ ነው።"

"አዎ፣ እማዬ።"

"ታዲያ መቃብሩ ጋ ስትሄጂ፣ እማ ልትመጣልህ ነው በይልኝ።"

አልጋነሽ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች።

"እሺ" አለች። "እነግረዋለሁ።"